በቅንነት የእርስዎ

ሃሊፋክስ ከተማ፣ በድንጋዩ ሕንጻ፣
ኢንሹራንስ ቤቱን ከዕዳ ልታወጣ ነጻ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፕ መታች ኢኒድ፣
ደብዳቤ ሲመጣ፣ ደብዳቤ ሲሄድ።

ምድር ቤቱን ጎርፉ የዋጠበት ሰው፣
ጣራውን ንፋሱ ገልጦ የወሰደው፣
ሲጽፍላት ባጀ፤ እሷም ስትመልስ
አንዲት ቃል አልጣለች የምትጎረብጥ፣ የምታስለቅስ።

«ስሜትዎን በጥልቅ እንረዳለን» አለች፤
ፋይሉን ዘግታለች።
«የሚሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ» ስትል
ጆሮዋ ማንቆርቆሪያው ጋ ነው፣ ፉጨት ሲከተል።
«ከላቀ አክብሮት ጋር» ካለችማ በተለይ፣
ያ ሰው ጅል ነው ማለት፤ ሌላ ፍቺ የለው ከሥርም ከላይ።
«ደግመው ለመጻፍም ከቶ አያመንቱ»፤
ያመንቱ ማለት ነው። ከቻሉም ይሙቱ።

እኛስ ሰም ስናቀልጥ ወርቁ ይወጣል፤
የኢኒድ ሰም ቢቀልጥ፣ ከሥሩ ሌላ ሰም ይመጣል።

ክፉ ሴት አይደለች።
የጎረቤት ድመት ታበላለች፤
የሰው ልደት አትረሳም።
ቃሉንም እሷ አልፈጠረችው፤ ሥራ የገባች ለታ
መሳቢያ ውስጥ አገኘችው፣ ተቆጥሮ፣ ከአንድ እስከ አርባ።

የካቲት ላይ ካልደር ወንዝ ከአፉ ወጣ።
በሳምንቱ ሰግደን፣ ቦይለር የሚያነደው፣ ደብዳቤ ይዞ መጣ።
ሦስት ፎቅ በእግሩ፣
እጁ እስከ ክርኑ ከሰል፣ ጉልበቱ እየጮኸ።
«ኢኒድ» አላት፣ ቆሞ፣ ቆቡን ሳያወልቅ፣
«ለደረሰብዎ እናዝናለን ይላል። እስቲ ልጠይቅ፤
ያዘንሽው ለየቱ? ለምንጣፉ? ወይስ
ለሜቪስ ፎቶግራፍ፣ ፊቷ ለታጠበ በወንዙ ድፍርስ?
ከግርጌው ደግሞ ‹በቅንነት የእርስዎ› ይላል።
ይህ ቅንነት የማን ነው?
ካንቺ ከሆነ ንገሪኝ፤ ሰሞኑን ያስፈልገኛል።»

ቁጥር አሥራ ሰባት ከምላሷ ጫፍ ደረሰ።
ቁጥር ሃያ ሦስትም።
ዋጠቻቸው። ማንቆርቆሪያው ጮኸ፤ አልሰማችም።
«አዝኜ ይሆናል» አለች በመጨረሻ፣
«አባባሉን ግን አላውቅም።»
«አትበዪው» አለ። «ቅዳሜ ባልዲ ይዘሽ ብቅ በይ።»

ቅዳሜ ሄደች፣
የወንድሟን ቦት ጫማ አድርጋ፣ ሁለት ቁጥር የሚሰፋትን።
ከወጥ ቤቱ ወለል ጭቃ ስትዝቅ ዋለች፣
የወንዙን አተላ፣ የሰው አጥር ስብርባሪ፣
ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የልጅ ካልሲ።
እሱ ግድግዳ ሲፍቅ፣ እሷ ስታጥብ፣
ቃል አልተለዋወጡም፤ «ያን ብሩሽ አቀብዪኝ» ካልተቆጠረ።
ሊመሽ ሲል ሰግደን ወለሉን አየ።
ከዚያ ጀርባውን ሰጣት፤ ወደ ዝናቡ ዞሮ፣
«አይከፋም» አለ።

አይከፋም። በዚያ አገር ሰው አፍ
ምርቃት ነው ይህ፤ ከዚህ የበለጠ አይገኝም ከመጽሐፍ።
እንቅልፍ እስኪወስዳት፣ ጭቃው ከጥፍሯ ሳይለቅ፣
እንደ ከረሜላ በምላሷ አዞረችው፣ ቀስ ብሎ እንዲያልቅ።

ሰኞ ቢሮዋ ገባች።
ጎተራዋ ለተቃጠለባት ለወይዘሮ ፒከርስጊል
ቁጥር አሥራ ሰባትን ጻፈች፤ ሌላ የላትማ።
ሃያ ሦስትንም።
ከግርጌ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ፤
ዝናቡን አየች፤ ጣቷን አየች፤
«የእርስዎ» ብላ ብቻ፣ ስሟን አስከትላ፣
ወረቀቱን ከማሽኑ ሳበችው።

ጡረታ እስክትወጣ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣
ከዚያ ጠረጴዛ የተነሣ ደብዳቤ ሁሉ
አንዲት ቃል ጎድሎት ሄደ።
አለቃዋ ፈረመ። ፖስተኛው አደረሰ። ደንበኛው አነበበ።
የት ገባች ብሎ የጠየቀ
አንድም ሰው አልነበረ።