ነጩ ደረሰኝ

ሐምሌ ነበር፤ ቂርያት ጋት፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት፣
የመኪናዬ እጀታ ጣት በሚልጥበት፣
ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ፀሐይ ጎጆ በቀለሰችበት፣
የሴራሚክ፣ የማጣበቂያ፣ የነዳጅ፣ የመቁረጫ ምላጭ፣
የስምንት ወር ደረሰኜን ሳወጣው፣ ሆኗል ነጭ።
ፊደል የለ፣ ቁጥር የለ፤
ፀሐይ በልታ፣ ሳሕኑን አጥባ የመለሰች መሰለ።

ኦስናት፣ የጎረቤቴ የጓዴ ልጅ፣ ሒሳብ ተምራ ቢሮ የከፈተች፣
አንዱን ወረቀት ወደ መብራት አንስታ፣ ሌላውንም አነሳች።
«ጋሼ አወቀ፣ ይሄ ምንድን ነው?»
«ወጪዬ ነዋ!»
«ያልታየ ወጪ ትርፍ ነው፤
ትርፍ ደግሞ ግብር አለው።»
ሳቅሁ። ከዚያ ከፈልሁ። ከዚያ አልሳቅሁም፤
እስከ በዓላቱ ድረስ ሥጋ ቤት ደጅ አልቆምሁም።

ጥፋቱ የፀሐይ ብቻ አልነበረም፤ ልናገር።
መስኮት ያለው ፖስታ ሲመጣ፣ እኔ መስኮቴን እዘጋ ነበር።
ዕብራይስጡ ረጅም፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ ቀኑ አጭር፤
ፖስታው በፖስታ ላይ ከፍሪጁ አናት ሲከመር፣
እኔ ወለል አነጥፍ፣ የሰው ቤት አሳምር።

ደግሞም ቸኮልን አይቻለሁ፤ ቀለም ቀቢውን፣ ባለ ቀይ መሰላሉን።
ማዓም የሚሉትን ግብር፣ ከደንበኞቹ የሰበሰበውን፣
ለልጁ ሠርግ አዳራሽ ከፈለው፣ «በኋላ እተካዋለሁ» ብሎ።
በኋላም መጣ፤ ባንኩን ቆልፎ፣ ወለዱን በጀርባው አዝሎ።
መሰላሉ ተሸጠ።
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤
የኛው ቸኮል አፍሶ፣ ገና ሲለቅም ተቀመጠ።

ማዓሙን ኦስናት ሦስት ጊዜ በዕብራይስጥ አስረዳችኝ፤ ሦስቴም ራሴን ነቀነቅሁ።
ያልገባው ሰው ነው ቶሎ የሚነቀንቅ፤ እሷም አወቀች፣ እኔም አወቅሁ።
በመጨረሻ ከእናቷ የተረፋትን አንድ ቃል ከአማርኛ ፈልጋ፣
«ጋሼ... አደራ ነው» አለችኝ፣ ብዕሯን ዘግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አደራ!
ወደ ሱዳን ስንሻገር አንድ ሰው ታሞ መንገድ ሲቀር፣
ስድሳ ብር በጨርቅ ቋጥሮ ለአባቴ ሰጥቶት ነበር፤
«ለሚስቴ» ብሎ።
ውሃ በሚሸጥበት ምድር፣ ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ፣
አባቴ ቋጠሮውን አልፈታም፤ የሰው መሆኑን አውቆ።
ከሁለት ዓመት በኋላ አሽቀሎን ላይ፣ መበለቲቱን ፈልጎ ሰጣት፤
ጨርቁ ነው እንጂ ያረጀ፣ ብሩስ አንድ አልጎደለባት።

ታዲያ እኔ የዚያ ሰው ልጅ፣ ሰው በእጄ ያሳለፈውን፣
አድርስልኝ ብሎ በወለሉ ዋጋ ላይ የጨመረውን፣
እንዴት የኔ ነው ልበል?

ለአደራው ሌላ ሒሳብ ከፈትሁ፤ ካርድ የለው፣ ቼክ የለው።
ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ደረሰኙን በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ፤
ሐሙስ ማታ፣ ጉልበቴን በቅባት እያሸሁ፣ ፖስታ እከፍታለሁ፤
ያልገባኝንም ለኦስናት፣ ሳይውል ሳያድር እልካለሁ።
ወሩ በገባ በአሥራ አምስተኛው ቀን ልቤ አይመታም፤ ተከፍሏል።
እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ ትንሽ ይመታል።

ባለፈው ቸኮል መጣ፣ መሰላሌን ሊዋስ፤
«እስከ ሐሙስ!» ብሎ ወሰደ፤ መለሰልኝም ሐሙስ፣
የቀለሙን ጠብታ ፍቆ፣ አጥቦ።
ሊሄድ ሲል በመኪናዬ መስኮት አየና ቆመ፤
እጁን ሰዶ፣ የረሳሁትን የማደያ ደረሰኝ ለቀመ።
«አወቀ፣» አለኝ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ፣
«ይህችን ፀሐይ ሳትቀድምህ!»