ከክሪኩ በታች

ነገ ናበጋ ነኝ። ሐምሌ ገብቶ ዝናብ ይዟል፤
ጣና ላይ ያረፈው ደመና የጉማሬ ጀርባ መስሏል።
ክትባት ነው የምጭን፤ በረዶ የታቀፈ ሳጥን፤
ከወረታ ወዲያ አስፋልት የለም፣ ጭቃው ነው የሚያዘን።
ዛሬ ግን ባሕር ዳር፣ ከእትዬ ብርነሽ መለዋወጫ ቤት፣
ቀበሌ አሥራ አራት፣ ከባንኮኒው ፊት፣
ቆሜ ክሪክ እመርጣለሁ፤
ለልጁ ሚስት እንደሚያጭ አባት፣ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ።

«ይቺ መቀሷ ቀላል ናት፤ ከወንበር ሥር ትገባለች።»
እውነቷን ነው። ለአስፋልት ልጅ መች ታንሳለች?
ለፎገራ ግን እግሯ ቀጭን፣ ወገቧ ስስ፣
መኪናውን ሳታነሣ ራሷ ጭቃ የምትልስ።

«እንግዲያ የዘይቱ። ጠርሙስ አክሎ አሥር ቶን የሚሸከም።»
አውቀዋለሁ። ጉልበት አለው። ቁመት ግን የለውም።
ላንድ ክሩዘሩ በሆዱ ሲተኛ፣ ዲፈረንሻሉን ጭቃ ሲውጠው፣
ለጠርሙሱ መግቢያ ከየት ላምጣ? በምን ልቆፍረው?
ደግሞም ያለቅሳል። ጎሚስታው ፈንታሁን እንዳለው፣
«ጎሚኒው ያረጀ እንደሆን፣ ሲያነሣ ጀግና፣ ሲቆይ ሌባ ነው።»

ባሎኑንም አወጣችልኝ፤ በጭስ የሚነፋ ከረጢት፤
ረግረግ ላይ አይሰምጥም አለች፤ እሱስ እውነት።
የኔ ጭስ ማውጫ ግን በቀዳዳ ወንፊት ያስከነዳል፤
ለራሱ እስትንፋስ ያጣ፣ ሌላውን በምን ይነፋል?

ከጥግ ግን፣ ግድግዳ ተደግፎ፣
ቀይ ቀለሙ እንደ ቆዳ ተገፍፎ፣
ረጅሙ ቆሟል፤ ጥርሱ እንደ መጋዝ የተሰለፈ።
የሱ ወንድም ነው አምና የአዱኛውን መንጋጋ የገረፈ።

ጉማራን ተሻግረን፣ ከአንድ የሩዝ ማሳ ዳር፣
አራቱም ጎማ ሲሰምጥ፣ እኛም እስከ ጉልበት ስንቀበር፣
አነሣልን። አይ አነሣስ! ጎማው ከጭቃው ሲላቀቅ፣
ድምፁ ጥጃ እንደምትገላገል ላም፣ ሸልቀቅ።
ከዚያ ማውረዱ መጣ። ፒኗን ገለበጥሁ፤
አዱኛው እጀታውን ለቀቀ፤ «ያዝ!» ለማለት ዘገየሁ።
አንድ ጥርስ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ፈልገን አጣነው።
ዛሬም እሱ በሳቀ ቁጥር፣ መንገድ ነው የማየው።

እትዬ ብርነሽ እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ አወረደች።
«ደረሰኝ ልቁረጥ?» አለች።

ዝም አልሁ። ምክንያቱም ከዚያ ጥርስ በፊት፣
ያን ቀን ረጅሙ ራሱ ሰምጦ ነበር፣ እስከ አንገት።
እኛ እጀታውን ስንጫን፣ ምድር እግሩን ሲውጠው፣
መኪናው ባለበት፣ ክሪኩን ነበር የቀበርነው።
ከጉብታው ያየችን አንዲት ሴት፣ ስመኝ የሚሏት፣
የፍየሎቿን በረት መዝጊያ ነቅላ መጣች፣ ራሷ ላይ አድርጋት።
የዋንዛ ሳንቃ። «እንኩ» አለች፣ «ብረቱ እንደሆን ብረት ነው፤
መቆሚያ ያጣ ጉልበት ለማነው?»
ሳንቃዋ ጮኸች። ተሰነጠቀች። ግን ያዘች።
ስንሄድ ሁለት ቦታ ሆና፣ ጭቃው ላይ ቀረች።
ስለ ፍየሎቹ አልጠየቅንም፤ በረዶው እየቀለጠ ነበር፤
አመሻሹ ላይ ከርብ ማዶ ጅብ ይጣራ ጀመር።

የዘይቱን ገዛሁ። ረጅሙንም፣ ከኪሴ ጨምሬ።
«ሁለት አገባህ?» አለች ብርነሽ፤ «እንግዲህ ልመርቅህ ዛሬ!»
ከዚያ ወደ ሽምብጥ፣ ከአናጢው ዘንድ፣ በዝናብ ሮጬ፣
ሁለት የዋንዛ ሳንቃ አስቆረጥሁ፣ እንጨቱን ራሴ መርጬ።
አንዷ ክንድ በክንድ፣ ወፍራም፣ ለክሪኩ መቆሚያ፤
አንዷ እስከ ደረቴ፣ ከነማጠፊያዋ፣ የበረት መዝጊያ።

አዱኛው ከላይ ሲያስራት፣ በገመዱ ጫፍ ተንጠልጥሎ፣
«ይቺኛዋስ ምን ታነሣለች?» አለኝ፣ በዚያች ክፍተት ፈገግ ብሎ።

መንገድ አላየሁም። እሱን አየሁት።