ማስት

ጎንደር፣ አዘዞ፤ የማታ ክፍል፤ መብራት እንደሄደ
መምህር አዛናው በስልኩ ብርሃን ጠመኔ ወሰደ፤
«ማስት» ብሎ ጻፈ። «ይህች ቃል» አለ፣ «ሁለት ፊት አላት፤
አንዱ ግዴታ ነው፦ መምጣት አለበት።
ሌላው ግምት ነው፦ መጥቶ ሳይሆን አይቀርም።
ሰሚው ነው የሚለያት፤ ቃሏ እንደሆን አታፍርም።»

እኔ ከኋላ ወንበር፣ ቀን መርፌው ጣቴን እንደወጋ፣
ደብተሬን ገለጥሁ፤ ጻፍሁ፤ ልቤ ግን አልረጋ።
ስጦታው ወንድሜ በዚሁ በደጃችን ወደ መተማ ካለፈ
ሦስት ክረምት፤ አንድ ሌሊት ከሊቢያ ደውሎ፣
«ሄሎ» ሲል ድምፁ ተቀጠፈ።

«ማይት ከሜይ ይልቅ» አለ መምህሩ፣ «ተስፋዋ ይሳሳል።»
የእናቴ «ይሆናል» ግን ሁለቱንም ባንድ ጋቢ ያለብሳል።
«ኩድ ሃቭ» ሲል፦ መቅረት ይችል ነበር።
እኔም «አትሂድ» ማለት እችል ነበር።
«ሹድ ሃቭ» ሲል፦ ነበረብኝ፤ አላልሁም፤
የሻንጣውን ዚፕ ቀየርሁለት እንጂ እጁን አልያዝሁም።

«ምሳሌ!» አለኝ። ተነሣሁ። ጉሮሮዬ ደረቀ።
«ሂ ማስት ቢ አላይቭ» አልሁት። ማንም አልሳቀ።
«የቱን ነው?» አለ ቀስ ብሎ፤ «መኖር አለበት? ወይስ ሳይኖር አይቀርም?»
ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ይህን ስፌት ግን መቀሴ አይደፍርም።

ያን ጊዜ አምፖሉ በራ። ከውጭ፣ የሰፈር ልጆች፦
«መጣ! መጣ!»
ዓይኔ ከሰሌዳው ወርዶ ወደ በሩ ወጣ።