ትርፍ ወንበር

ሁለት ሺህ አይሞላም ከተማው ቢቆጠር፤
ስታዲየሙ ግን አለው ዘጠኝ ሺህ ወንበር።
ኦፓልን፣ ትኬት ቆራጯን፣ «ትርፉ ለማን?» ብላት፣
መልስ ሰጠችኝ፦ ሳንቲም። ሌላ መልስ የላት።

አርብ ማታ፣ ምዕራብ ቴክሳስ፤
መብራቱ ሲበራ የጥጥ ማሳው የነጋ መሰለው።
የአስራ አንደኛ ክፍል ልጆች
ትከሻቸው ከዕድሜያቸው ሰፍቶ
ጭሱን ሰንጥቀው ወጡ።
ቱባ የተሸከመው ልጅ እግሩ ብቻ ይታያል።
«የእግር ኳስ» ይሉታል፣
እንቁላል መሳይ ነገር በብብታቸው ሸጉጠው እየሮጡ።

ስንት ለስንት እንደሆኑ አልገባኝም።
ሰው ሲቆም ቆምኩ፣ ሲቆጣ ተቆጣሁ፤
ዳኛውንም ሳልሰድበው አልቀረሁም።

በእረፍት ሰዓት ኦፓል መጣች፣ አስራ አራተኛው ረድፍ፤
ዙሪያዋ ባዶ።
ከጎኗ ልቀመጥ ስል
ቀዝቃዛውን ብረት በመዳፏ ጠርጋ
ቦርሳዋን አኖረችበት።

«ሰው አለው» አለችኝ።