አሥር ደቂቃ ዝም

ሦስተኛ ጊዜ ነው ቪየኖ ስትጠራኝ፣
የጠዋቱ ጀልባ ደሴቷ ሲጥለኝ፤
መሰላሌን ይዤ፣ ቦርሳዬን አንግቤ፣
«ዛሬስ አገኘዋለሁ» እያልኩኝ በልቤ።
«አምስቱ ጊጋ የለም» አለች በሩን ከፍታ፣
«ታናሹ ብቻ ነው የቀረው በቦታ።»

ሦስት ነጭ ሳጥኖች ቤቷ ውስጥ ቆመዋል፤
አንዱ ከኮሪደር መስመሩን ይቀበላል፣
አንዱ ከፎቁ ላይ ይንሾካሾክለታል፣
ሦስተኛው ሳውናው ጋ ወሬ ይጠብቃል።
መሐላቸው ደግሞ የጡብ ምድጃ አለ፣
ሦስት ቶን የሚመዝን፣ ቤቱን የተከለ፤
ሞገድ አያሳልፍም፣ ብርድም አያሳልፍም፣
አማቷ የሠራው ነው፣ ማንም አያፈርሰውም።

መጀመሪያ የመጣሁ ምድጃውን ከሰስኩ፣
ሳጥኑን ከጀርባው ወደ መስኮት ወሰድኩ።
ሁለት ቀን ሠራላት። ከዚያ ተሰወረ።
ሁለተኛ ስመጣ ጥርጣሬዬ ዞረ፤
አገር የሚለው ላይ «ፊንላንድ» ማለቱን አየሁ፣
ሶፍትዌሩን አድሼ፣ አጥፍቼ አበራሁ፣
ለሁለቱም ባንዶች የየራስ ስም ሰጠሁ፤
አንዱን «ቪየኖ» አልኩት፣ አንዱን «ቪየኖ አምስት»፣
ስሙ ተለየ እንጂ መች ቀረለት መጥፋት!

እሷ ግን በዚያ ሰሞን ደብተር ገዝታ ኖሮ፣
ስምንት ገጽ ሞልታለች፣ በእርሳስ፣ ተቆጥሮ፦

ማክሰኞ። 14፡20። ጠፋ።
14፡30። መጣ።
ሐሙስ። ነፋስ ከምዕራብ። ጠፋ። አሥር ደቂቃ። መጣ።
ዓርብ። ለውጥ የለም።
ቅዳሜ ሌሊት። ጠፋ። ራውኖ ያለው ቁልፍ ተነካ። ሃያ ደቂቃ።

«እንዲህ መጻፍ» አልኳት «ከየት ተማርሽ?» ብዬ፤
መልሱ ተሰቅሏል ለካ፣ ግድግዳው ላይ፣ በላዬ።
ክብ የናስ ሰዓት ነው፣ ከራዲዮ ጣቢያ የመጣ፣
እንደ ዳቦ ቁራሽ ሁለት ቀይ ፊቱ ላይ ያወጣ።

«ረጅሙ ዘንግ» አለች «ከቀዩ ሲደርስ፣
ሥራ ይቆማል ሁሉ፣ ቁልፍም አይዳሰስ፤
ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማንም ማንን አይጠራ፣
የሚሰጥም መርከብ ካለ፣ ድምፁ እንዲጠራ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ያን ዝምታ ሰማሁት፣
ባዶ ከሆነው ዝምታ ለይቼ አወቅሁት፤
ዝም ያለ ሁሉ ደግሞ ሞቷል አይባልም፣
አንዳንዱ ያዳምጣል። ያንተስ ሳጥን አይሆንም?»

ሳቅሁ።
አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ላፕቶፔን ከፍቼ ከመዝገቡ ገባሁ፣
እስከዚያ ቀን ያለፍኩትን ገጽ አየሁ፦
ቻናል መቶ ሃያ አራት። ራዳር ተሰማ። ለቀቀ።
አሥር ደቂቃ ማዳመጥ። ጸጥታ። ቀጠለ።

ከውኃው ማዶ አለ ዝናብ የሚቆጥር፣
በዚያው ሞገድ ላይ ነው ደመና ሲያማትር።
ሕጉም ይለዋል አሉ፦ አንተ የቤት ዕቃ ነህ፣
ትልቁ ሲናገር አፍህን ትዘጋለህ፤
ተመልሰህ ስትመጣም፣ ከመናገርህ በፊት፣
አሥር ደቂቃ ሙሉ ጆሮህን ስጥበት።

እኔ ነኝ ለካ፣ እኔ፣ ያላስጨረስኩት!
በዘጠነኛው ደቂቃ ትዕግሥቴ ባለቀ፣
አጥፍቼ ሳበራው ቆጠራው ወደቀ፤
ከአንድ ጀመረ ምስኪኑ። ደግሞ አጠፋሁት።

ሠላሳ ስድስት ላይ ቻናሉን አሰርኩት፣
ራዳር ወደማያየው ቆላ አወረድኩት።
ሳውናው ደጅ ቆሜ ስልኬን ከፍ አደረግሁ፤
አምስቱ ሙሉ ነው፣ እየሮጠ አየሁ።
«ከእንግዲህ አይጠፋም» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።
«በጭራሽ?» አለችኝ። «በጭራሽ» አልኩ ኮርቼ።
ደብተሯን ገለጠች፣ እርሳሷን አሾለች፣
አንዲት መስመር ጽፋ ቀስ ብላ ዘጋች።
ሰርቄ አነበብኩት፦ ቻናል 36። የማያዳምጥ።

ጃኬቴን ለብሼ ስለ ክፍያው ጀመርኩ፣
ሁለት ሰዓት ሥራ፣ የጀልባውን ጨመርኩ፣
ስለ ኬብሉ ደግሞ ልናገር ስል ገና፣
አንድ ጣቷን አነሣች፣ ወደ ሰዓቱ ቀና።
15፡45። ዘንጉ ቀዩን ረገጠ።

ምድጃው ጠቅ አለ። ከጣሪያው ጠፈር ላይ
የሚቀልጥ በረዶ ነጠብጣብ ጣለ።
የማን ድምፅ እንደምጠብቅ አላውቅም፣ ግን ጠበቅሁ።

15፡48።
ስለ ክፍያው ተነጋገርን።