የበግ ቁርጭምጭሚት

ዳናጉል ደብተሯን ታቅፋ መጣች፣
«አጎቴ፣ ነገ እኮ ፈተና ነው» አለች።
ሰባተኛ ክፍል፣ ምዕራፍ አሥራ አንድ፣
«የኃያላን ፉክክር»፣ ደረቅ እንደ ግንድ።
«የኃይል ሚዛን» ይላል፣ በቀይ የተሰመረ፣
በቃሏ ስትወጣው ትርጉሙ ውጭ ቀረ።

እኔ መምህር አይደለሁ፤ የጭነት መኪና ሾፌር፣
ሠላሳ ዓመት የነዳሁ፣ ከሴሜይ እስከ ድንበር።
ግን ከመሳቢያው አወጣሁ የልጅነቴን ከረጢት፣
የበግ ቁርጭምጭሚት፣
በስንት ልጅ መዳፍ ታሽቶ እንደ ጥርስ የነጣ።
ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፣ ሻዩን ወደ ዳር ገፍቼ፣
«ይኸው ዋሽንግተን፣ ይኸው ሞስኮ» አልኩ፣ ለሁለት ከፍዬ ለይቼ።

«ይኼኛው አንድ ቢጨምር፣ ያኛው ምን ያደርጋል?»
«እሱም አንድ ይጨምራል።»
«ሁለት ቢያደርገውስ?»
«ሦስት።»
«ለምን?»
«ስለሚፈራ ነዋ!» ሳቀች።

እንዲህ እያልን ቆለልን፣ አጥንት በአጥንት ላይ፣
እስኪጋርድብን ድረስ የመስኮቱን ሰማይ።

«አንድ ሰው» አልኳት ቀጥዬ «ስንቴ ነው የሚሞተው?»
«አንዴ» አለች፣ ግራ ገብቷት።
«ታዲያ ለብዙ ሞት የሚበቃ ለምንድነው ያከማቸው?»
ሻይዋን አማሰለች።
ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ ቆይቷል።

«ተኮሱ እንዴ በመጨረሻ?»
«አንዱ በሌላው ላይ? አንዲትም።»
«እና የት ወደቀ ያ ሁሉ?»
ጣቴን በመስኮቱ ቀሰርኩ፣
ከኢርቲሽ ወንዝ ማዶ፣ ነፋስ ወደሚያበጥረው ሜዳ።

ሞቃት አገር ያሉ ሰዎች «ዝሆን ሲጣላ ሣር ይጎዳል» ይላሉ፣
እኛ ጋ ዝሆን የለም፤ ሣሮቹ ግን ያውቃሉ።

ያኔ አንቺን አክል ነበር። ወታደር በር ያንኳኳል፣
«ከቤት ውጡ፣ ጉድጓድ ግቡ፣ ጀርባችሁን ስጡ» ይላል።
እህቴ ባቲማ ግን ዞራ አየች ባንድ ዓይን፣
«ሁለት ፀሐይ ወጣ» አለች፣ ደስ ብሏት እንደ ሠርግ ቀን።
መሬቱ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ቁምሳጥኑ ተርገፈገፈ፣
ከእናቴ ስድስት የሻይ ኩባያ የአንዱ ከንፈር ተሸረፈ።

ባቲማ ሃያ አልሞላትም። የሕመሟ ስም በወረቀት
አልሰፈረም። ሐኪሙ «ደም ነው» አለ፣ አቀረቀረ፣ ፈረመበት።

«አሜሪካኖቹስ?» አለች ልጅቷ። «እነሱም በረሃ አላቸው፣
ኔቫዳ ነው ስሙ፤ ልብስ ሲያሰጡ የዋሉ ሴቶች ነበሩ እዚያም፣ አመድ የዘነበባቸው።
ለጠላት የጋገሩትን፣ ሁለቱም፣
መጀመሪያ ያቀመሱት ለገዛ ልጆቻቸው።»

«እሺ፣ ማን አሸነፈ?»
መጽሐፉ መልስ አለው፣ ገጽ መቶ አራት ላይ፣ ሁለት መስመር።
እኔ ከክምሮቹ አንዱን በጣቴ ጫፍ ነካ ባደርገው፣
ተንዶ፣ ተንከባሎ፣ ሌላውንም ይዞ ወለሉን አለበሰው።
«አሸናፊው...» ብዬ ጀመርኩ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ፤
እሷ ግን በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ምድጃ ሥር የገባውን ስትለቅም፣
«አጎቴ፣ ይቺ ተሰንጥቃለች» አለች፣
እፍ ብላ አቧራዋን አራገፈች፣ ኪሷ ከተተቻት።

ከሳምንት በኋላ ወረቀቱ መጣ።
ጥያቄ አራት። «የኃይል ሚዛን ምንድነው?»
የዳናጉል እጅ ጽሑፍ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ፦
«ሁለት ሰዎች ፈርተው አጥንት ሲቆልሉ
የሌላ ሰው ኩባያ ሲሸረፍ ነው።»

መምህርት ቃርሊጋሽ በቀይ፦
ከአምስት ሁለት። ከመጽሐፉ ጻፊ።

ከሥሩ ደግሞ፣ በእርሳስ፣
መነጽሬን አድርጌ እንኳ በጭንቅ ያነበብኳት፣
አንዲት ጠባብ መስመር፦
በእኛ ቤት ሳህን ነበር።