ጀርባዬን ለሜዳው

ዐሥራ አራት ዓመት፣ በዚህ ብረት በር፣
ፊቴ ወደ መንገድ፣ ጀርባዬ ለሳር፤
ጎል ሲገባ እንኳ ዘወር ሳልል በአንገት፣
ኳስን የማውቃት በጆሮ ነው፣ በጩኸት።
«ኡ!» ካለ ጥላ ፎቁ፣ አግዳሚ ተመታ፤
ካጉረመረመ ደግሞ፣ አጥቂው አመነታ፤
ጭጭ ካለ ግን እንግዳው አገባ፣
የቆሎ ሻጯ እጅ ጣሳው ላይ ደረቀ፣ ሳይወጣ ሳይገባ።

ሚያዝያ ነው፤ ቅዳሜ፤ ሰዓቱ ዘጠኝ፣
ከአንድ ባጃጅ ወርዶ አንድ ሰው ቀረበኝ።
ጀለቢያው ነጭ ነው፣ ጫፉ የመተማ አቧራ፣
አንገቱ ላይ ጥቁር ካሜራ፣
በጣቱ እያሳየኝ ደጋግሞ «ሱራ» አለ፤ «ሱራ!»
እኔ ሱሪ መስሎኝ ወደ ታች አየሁ፣
ቁልፌን ነካ ነካ፣ ቀበቶዬን ሳብ አደረግሁ፤
ሰልፈኛው በሳቅ ወደቀ፣
እሱም ባይገባው አብሮ ሳቀ።

ኢድሪስ ነው ስሙ። ገዳሪፍ ነው አገሩ።
አባቱ ሰሊጥ ሲነግድ ጎንደር ነበር ማደሩ፣
አለችኝ ዘይነባ፣ ዐረብኛ አዋቂዋ፣ ሻይ ሻጯ ከማዶ፤
«ግንቡን እንኳ ሳያይ መጣልህ፣ ኳስ ወዶ።»

ግን በሩ ላይ ወረቀት አለ፣ ማኅተም ያለበት፣
«ያለ ፈቃድ ካሜራ ማስገባት
በጥብቅ የተከለከለ ነው።» እኔው ነኝ የለጠፍሁት፣
በገዛ ምራቄ፣ ሙጫ ያለቀ ዕለት።
ምን ላድርግ? እንጀራ ነው።
«ሰውየው ይግባ፣ ዐይኑ ይቅር» አልሁ።
ቅር ያለው መሰለኝ፤ ግን አላንገራገረ፤
ማሰሪያውን አውልቆ፣ እንደ ሜዳሊያ እኔው አንገት ላይ አኖረ።

ገባ። በሩን ዘጋሁ።
ክብደቱን በደረቴ አዳመጥሁ።
ለካ እንዲህ ይከብዳል የሰው ዐይን በአደራ ሲያዝ፤
ልጅ እንደታቀፈ አጎት ቆምሁ፣ እግሬ እስኪደነዝዝ።
የመጀመሪያው አጋማሽ እንዲሁ አለፈ፣
ሁለት «ኡ!»፣ አንድ ረጅም ፊሽካ፣ ጆሮዬ ጻፈ።

ከዕረፍት በኋላ እጄ አመል አወጣ፤
አንዷን ቁልፍ ብጫን ቀይ መብራት መጣ፤
ትንሿ መስኮት ላይ መንገዱ በራ፣
የኔ ያልሆነ፣ ጥርት ያለ ስፍራ።
ዐሥራ አራት ዓመት ያፈጠጥሁበት መንገድ፣
አሁን ገና አየሁት፣ ሰው ሲመጣ ሰው ሲሄድ።
ጫንሁ፤ ቀጭ አለ። ጫንሁ፤ ቀጭ አለ፣
የሊስትሮው ብሩሽ አየር ላይ እንዳለ።
የዘይነባ ብርጭቆ፣ ከነእንፋሎቱ፤
የገዛ አውራ ጣቴም፣ ከነጠባሳ ምልክቱ።

ከዚያ ያን ልጅ አየሁት፣ ብር የሌለውን፣
ቆርቆሮ አጥሩ ላይ የለጠፈ ፊቱን፤
በሚስማር ቀዳዳ አንድ ዐይኑን አግብቶ፣
ሌላውን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ገትቶ።
ስንቴ አባረርሁት በዚህ በዱላዬ!
እሱም ተመልሶ ይለጠፋል፣ ዘወር ሳይል ጥላዬ።
ቁልፏን ጫን ሳደርግ ሜዳው ከኋላዬ ፈነዳ፤
ጎል! ምድሩ ቀለጠ፤ ልጁም ዘለለ፣ እንደ ሚዳቋ ግልገል እንደ ፌንጣ፣ እንደ እብድ እንግዳ።
እኔ ዘንድሮም ጎሏን አላየኋት፤
ያያትን ዐይን ግን አየሁት።

ሲያልቅ ኢድሪስ መጣ፣ ጉሮሮው ሻክሮ፣
በአንድ ቀን የኛን ዜማ ተምሮ።
ካሜራውን ሰጠሁት። ከፈተ። አንድ በአንድ አለፈ።
እኔ እንደ ሌባ ቆምሁ፤ ላቤ ተንጠፈጠፈ።
ቀዳዳው ጋ፣ ልጁ ዐይን ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፤
አጎላው፣ አሳነሰው፤ ደግሞ ደጋገመ።
ዘይነባ ልታስረዳኝ መጣች፣ ብርጭቆዋን ትታ፤
«ና አብረን እንግባ ይልሃል፣ ለአፍታ።»

ገባሁ። ባዶ ነው። የውሃ ፕላስቲክ፣ የሱፍ ገለባ፣
ፀሐይዋ በምዕራቡ ጎል በኩል ልትገባ።
ፍፁም ቅጣት ምት መምቻው ላይ አቆመኝ፣ ኖራው ጫማዬን ነክቶ፣
ዱላዬን ከእጄ ወስዶ፣ ኮፍያዬን አቃንቶ፤
«ሱራ» አለ። አሁን ሱሪዬን አላየሁ፣
ቀና አልሁ።

እልክልሃለሁ አላለም፤ አድራሻም አልጠየቀኝ፤
በማግስቱ የመተማው አውቶቡስ ወሰደው፣ ዘይነባ ነገረችኝ።

ዛሬም በሩ ላይ ነኝ። ያው ወረቀት፣ ያው ማኅተም፤
የልጁ ስም ይታየው ነው፤ ጠየቅሁት፤ አላባርረውም።
ጎል ሲገባ አሁንም በጆሮዬ ነው የማየው፤
ቀዳዳዋን ግን በሚስማር ትንሽ አሰፋኋት፣ ማታ፣ ማንም ሳያየው።
እዚያ ማዶ ገዳሪፍ፣ ምናልባት ሳጥን ውስጥ፣ ምናልባት ግድግዳ፣
ዱላ ያልያዘ አንድ ሰው ቆሟል፤
ጀርባው ለበሩ፣ ፊቱ ለሜዳ።